አርባ ሺህ እርምጃ በቀን

እህል በረንዳ ውስጥ እንደ እኔ የሚራመድ ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምለው እኔ ሙናዊር ብቻ አይደለሁም፤ የቴሌግራም ግሩፓችን ይመሰክራል። ስኳር የተገኘብን፣ ቦርጭ ያስቸገረን ሃያ ሦስት ነጋዴዎች የከፈትነው ግሩፕ ነው፤ ለሰው ሳወራ ግን ሁለት ሺህ ነን። እጃችን ላይ ያለው ሰዓት እርምጃችንን፣ የልባችንን ምትና ያለንበትን ቦታ በየደቂቃው ለሁላችንም ያሳያል።

በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ መቶ እርምጃ ተመዘገበልኝ። የባቄላ ነጋዴው ዱባለ ወዲያው ጻፈ፦

«ጋሼ፣ ሽንት ቤት ደርሰው ተመለሱ እንዴ?»

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ሰዓቴን ፈትቼ በተሸካሚያችን በይገረም እጅ ላይ አሰርኩት። ሰዓቱ የራሱ ሲም ስላለው ስልኬ እኔ ኪስ ውስጥ ቢሆንም ይሠራል። ይገረም አርባ ያለፈው፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ከእኛ ደጅ ጎጃም በረንዳ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ያምርብሃል። ማታ ማታ ትመልስልኛለህ።»

ያን ቀን አርባ ሺህ ገባ! ዱባለ ሳይቀር የጭብጨባ ምስል ላከ። በሦስት ሳምንት ውስጥ «አቦሸማኔው» የሚል ስም ወጣልኝ፤ ውሸቴን ራሴ አምኜው ጉልበቴን ማታ ማታ በቅባት አሽ ነበር።

ከግሩፑ ተክለ ሃይማኖት መድኃኒት ቤት ያላት ናኢማ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ልብ ይበሉ!» ብላ ጻፈች። ልቤን ያደነቀች መስሎኝ፣ «የአንበሳ ልብ ነው እህቴ!» ብዬ መለስኩላት። ዛሬ ጠዋት ደወለች።

«ማስጠንቀቄ ነበር ጋሼ! በየቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ምትዎ መቶ ዘጠና ይደርስና ድንገት አርባ ይወርዳል። አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።»

ደነገጥኩ፣ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ አየና፣ «ልብዎ ደህና ነው» አለኝ። «እንዲህ ያለ ልብ በአፍሪካ የለም ተባልኩ» ብዬ ለግሩፑ ጻፍኩ። ደረጃውን ስወርድ ግን መሃል ላይ ቆምኩ። የእኔ ልብ ደህና ከሆነ፣ ያ የሚወጣና የሚወርደው የማን ነው?

ስልኬን ከፈትኩ። ሰባት ሰዓት ከሩብ። ነጥቧ ጎጃም በረንዳ መግቢያ ላይ ቆማለች። መቶ ዘጠና አራት። ይገረም ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። መቶ አሥር። ስድሳ።

ለግሩፑ በድምፅ ላክሁ፦ «ጎጃም በረንዳ ያላችሁ! ሰዓቱ ይገረም እጅ ላይ ነው፣ እርምጃው ሁሉ የእሱ ነው፣ ድረሱለት!»

የሳቅ ምስል ዘነበ። ዱባለ፦ «ጋሼ ደግሞ ጀመሩ! ልብዎ አርባ እየመታ ይህን ሁሉ የሚጮሁት በየትኛው ትንፋሽ ነው?»

በጋሪና በጆንያ መሃል እየተጋፋሁ ሮጥኩ። ስደርስ ይገረም ጤፉ አጠገብ በጎኑ ወድቋል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። መልእክቴን ያመነችው ናኢማ ብቻ ነበረች፤ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ቀድማኝ ደርሳ፣ አንገቱን በአንድ እጇ ይዛ በስልክ ከሐኪም ጋር ታወራለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይንገሩኝ! ሰዓቱን ካሰረ ስንት ጊዜው ነው? ሐኪሙ ሕመሙ ከመቼ እንደጀመረው ማወቅ አለበት።»

ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዱባለም መጥቶ ከመሃል ቆሟል፣ አይስቅም። ሦስት ሳምንት ነበር። እኔ በሕይወቴ ቁጥር ቀንሼ አላውቅም።

«ሦስት ቀን» አልኩ።

«ገና ሦስት ቀኑ ነው ዶክተር» አለች ናኢማ ቀለል ባለ ድምፅ፤ «ከዚያ በፊት ያየሁት የሌላ ሰው ነው።»

ይገረምን አራት ሆነን ጋሪ ላይ አወጣነው። ሰዓቱ ያለበት ክንዱ ሲንጠለጠል፣ አዲስ ቁጥር ሲገባ እንደሚያደርገው ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። አላየሁትም።