የሐዘን ጢም

የእናኑ ሥራ አየር መለካት ነው። ባሕር ማዶ፣ ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ድሮ ነዳጅ ማደያ የነበረበት ቦታ ላይ አፓርትመንት ሊሠራ ነውና ቤንዚን የጠጣው አፈር ተቆፍሮ ይወጣል። መለኪያዋ ከጮኸ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሁሉ ማስኩን ያጠልቃል። ማስክ ደግሞ ጢም አይወድም፤ ጎማው ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ የተበከለው አየር በጢሙ መሀል ሹልክ ብሎ ይገባል። ስለዚህ ያልተላጨ ሰው ጉድጓድ አይወርድም። ይህን ጠዋት ጠዋት ማየትም የእናኑ ድርሻ ነው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ከሬንተን የሚመጡ አካፋ ያዥ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ደብረ ብርሃን ላይ ካረፈ ወዲህ ምላጭ አላነሡም።

“ጋሼ፣ እርስዎስ ማስክ አያስፈልግዎትም፤ አብቅለዋል” አላቸው ኤክስካቫተር ነጂው ቴዲ።

“አንተ ቀልድ። ቀብሩ ላይ አልቆምኩ፣ አፈር አላለበስኩት። እስከ አርባው ጢሜን ብተውለት ምን አለበት?”

ቴዲ ወደ ኤክስካቫተሩ ሄደ። እናኑ ቀርባ፣ የሚተነፍሱትን አየር የሚመዘግበውን መሣሪያ ቀጭን ቱቦ ኮሌታቸው ላይ ቆነጠጠች። እንደ ወትሮው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው “እደጊ ልጄ” አሏት። ጢማቸው እጇን ነካው። “ይላጩ” የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን በምን አፏ? አባቷን ለሚያህል፣ ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው ምላጭ ማቀበል ነውር መሰላት። ይሉኝታ ያዛት። መለኪያውም ቢሆን ሰሞኑን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

“ማስኩን ጠበቅ ያድርጉት፣ ኦኬ ጋሼ?” አለች።

“እሺ።”

ከምሳ በፊት ኤክስካቫተሩ ማንም የማያውቀውን፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የቀረ አሮጌ የነዳጅ ታንከር ቀደደ። መለኪያው ጮኸ። ሁሉም ማስኩን አጠለቀ። ጋሽ ወንዳፍራሽም አጠለቁ፤ እንዳለችው ጠበቅ አድርገውት፣ ያንኑ አምነው አካፋቸውን ቀጠሉ። ብዙም ሳይቆዩ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ቴዲ በብብታቸው ይዞ ሲያወጣቸው ማስኩ ውስጥ አስታውከው ነበር።

ሆስፒታል የመጣው የሥራ አለቃ ጢማቸውን በጣቱ እያሳየ ጠየቃቸው።

“እናኑ አልነገረችህም?”

“ነግራኛለች” አሉ።

ጥፋቱ የሠራተኛው ነው ተባለ። እናኑን ከዚያ ወዲያ የጠየቃት የለም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሥራ የተመለሱት አርባው ሳይደርስ፣ ተላጭተው ነው። ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ይመስላል። እናኑ ቱቦውን ይዛ ቀረበች።

“ጋሼ፣ ለምን ነገረችኝ አሉ?”

“ምን ልበል? እንጀራሽን ልዝጋ?”

“ሐዘንዎ ላይ እንዴት ብዬ ...”

“ለጢሜ አዘንሽ። ለሳንባዬ ማን ይዘንለት?” ሳል አቋረጣቸው። “ተላጭ ብትይኝ እቆጣሽ ነበር። ተቆጥቼም እላጭ ነበር። እኔ እኮ ያን ማሽን አላውቀውም። አንቺን አምኜ ነው የምወርደው።”

እናኑ እጇን ወደ ኮሌታቸው ዘረጋች። አንገታቸውን አላዘነበሉላትም። ቱቦውን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ቆነጠጡት። አጣመው ነበር የቆነጠጡት፤ እንዲህ ሆኖ የሚተነፍሱትን አየር በትክክል አይመዘግብም። እናኑ አየችው፤ አሁንም ሳትናገር፣ እሳቸው እያሳሉ መሰላሉን ወደ ጉድጓዱ ወረዱ።