በሰው ስልክ አይለቀስም

እማማ ሐዋ ነፃ ስልክ ሊሰጣቸው እንደሆነ የደሴው ሆጤ ሰፈር የሰማው ከእሳቸው ቀድሞ ነው። ወሬውን የነዛው ባለሱቁ ሸረፈዲን ነበር። የሰፈሩ ስልክ የእሱ ስልክ ስለሆነ እሱ ሳይሰማው የሚያልፍ ወሬ የለም። የእማማ ሐዋ ልጅ ከሪማም በሰው ቤት ተቀጥራ ከምትሠራበት ከጅዳ የምትደውለው በእሱ ነው፤ ሁልጊዜ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ። ሸረፈዲን ታዲያ ስልኩን ለእናትየው አይሰጥም። ባንኮኒው ላይ አጋድሞ ድምፁን ለሁሉ ይለቀዋል።

“ጆሮ ላይ ሲለጠፍ ባትሪ ይበላል፣ እማማ” ይላል።

ስኳር ሊገዛ የመጣው፣ ሳሙና ሊገዛ የመጣው፣ ምንም ሊገዛ ያልመጣውም ከብቦ ያዳምጣል። ከሪማ ይህን ታውቃለች። “ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው” ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። እማማ ሐዋ ግን “ጥሩ ናቸው” ከማለቷ በፊት ትንሽ ዝም እንደምትል ያውቃሉ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ያለውን መጠየቅ ነው የፈለጉት።

እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የእኔን ስልክ ልስጥዎት ብያቸው ነበር።

“ያው የሰው ነው” አሉኝ። “አንተ ደጅ ቆመህ እስክመልስልህ ስትጠብቅ እኔ ምን ብዬ ልጠይቃት? በሰው ስልክ አይለቀስም፣ ልጄ።”

ስልኩ ለሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች በነፃ ይሰጣል፣ በየወሩም ነፃ የመነጋገሪያ ደቂቃ አለው ተባለ። የሚሰጠው ግን ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላይ መስጠት ነውር ሆኖ አይደለም፤ የኮምቦልቻው አዳራሽ ምንጣፍ አለው።

አብሬያቸው በሚኒባስ ወረድኩ። የደሴ ብርድ ከላያችን ሳይለቅ የኮምቦልቻ ሙቀት ተቀበለን። አጠገባችን የተቀመጡት የቦሩ ሜዳዋ እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን ወደ ኋላ እየጣሉ፣ “ሐዋዬ፣ ስልኩን በጣም አትውደጂው” አሉ።

“ምነው?”

“አምና ብርድ ልብስ ሰጡን። ቪዲዮ ተነሳን። ካሜራው ሲጠፋ ‘ለምዝገባ ነው’ ብለው መልሰው ሰበሰቡት። ብርድ ልብሱ ይኸው እስካሁን እየተመዘገበ ነው። ብርዱ ግን አልተመዘገበም፤ እኔው ጋ አለ።”

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እማማ ሐዋ አልሳቁም። መቁጠሪያቸውን አውጥተው ማንከባለል ጀመሩ።

አዳራሹ ውስጥ ስልኩን የሚሰጠው የሴፍቲኔት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ሁሉ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰዋል። ደረቱ ላይ “ከግንኙነት ውጭ የሚቀር የለም” ይላል። የታጠፈበት መስመር እንኳ አልለቀቀውም። ኃላፊው ስለሺ ንግግር አደረገ። “በዚህ በዲጂታል ዘመን ድህነትን…” ሲል ማይኩ ጠፋ። ማይኩ ሲመለስ “አመሰግናለሁ” እያለ ነበር። በመሀል የቀረብን ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ስልኩ ታደለ። ካሜራ የያዘው ልጅ እማማ ሐዋን፣ “እናት፣ ወደዚህ ይዩ፤ እየደወሉ ያስመስሉ” አላቸው። ያልተከፈተ ካርቶን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ሰዉ አጨበጨበ።

ወሎ ውስጥ ሰው ሳይመረቅ አይበተንም፤ መሰብሰብ ያልነበረበት ሰው እንኳ ቢሆን። ስለሺም መድረኩ ላይ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ሐዋ መሆናቸውን አይቶ ማይኩን አቀበላቸው። እሳቸው ካርቶኑን ብብታቸው ስር ሸጉጠው መዳፋቸውን ዘረጉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ዘረጋ። ስለሺ ካሜራው እንዲያየው ከሁሉም ከፍ አድርጎ ዘረጋ።

“ዝናሙን የምሕረት ያድርግልን።”

“አሚን።”

“በሰው አገር ያሉ ልጆቻችንን ረቢ በሰላም ይመልስልን።”

“አሚን።”

“የሰጠ እጅ ይለምልም።”

“አሜን” አለ ስለሺ፣ ድምፁን ከሁሉም በላይ አጉልቶ።

“ለካሜራ ሰጥቶ፣ ካሜራው ሲዞር የሚነጥቅ እጅ ደግሞ፣ ያ አላህ፣ ከትከሻው ይድረቅ።”

ስለሺ “አሜን” ብሎ ጨረሰ። አፉ ከጆሮው ቀደመበት። ሠራተኞቹም በሙሉ ብለዋል። እትዬ ወርቅነሽ እንዳይጎድል ብለው ደገሙት።

ካሜራው ተጠቅልሎ ከወጣ በኋላ ጽናት የምትባል የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ባዶ ሣጥን ይዛ መጣች። “ስልኮቹ ለምዝገባ ለጊዜው ይመለሳሉ” አለች። ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ራቅ ብላ ቆመች። ማንም ምንም አልከተተም።

“ተቀበያቸው እንጂ” አላት ስለሺ።

“ጋሼ፣ እኔ አሜን ብያለሁ።”

ወደ ሹፌሩ ዞረ። “ጁነይድ፣ አንተ ሰብስብ።”

“በዚህ እጅ ነው የሐረጎን ዳገት የማወጣዎት፣ ጋሼ” አለ ጁነይድ። “ካሉ ልሰብስብ።”

“ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው ይሄ!”

“ልክ ነዎት” አሉ እማማ ሐዋ፣ ካርቶናቸውን እየዘረጉለት። “እኛ አልተማርንም። እርስዎ የተማሩት ይውሰዱት።”

ስለሺ ቀኝ እጁን አየው። ሁለት ዲግሪ አለው ይባላል። ሁለቱም አላደፋፈሩትም፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው። “ምዝገባው በሌላ ጊዜ ይፈጸማል” ብሎ ወጣ።

ነፃ ደቂቃው በጀት ሲለቀቅ ነው ተብሎ እስካሁን አልመጣም። ከስልኩ ጋር የተሰጠው ሲም ካርድም አልሠራም። እማማ ሐዋ ዶሮ ሸጠው በመታወቂያቸው ሌላ ሲም አወጡ። የመንግሥት ነፃ ስልክ እንዲህ በዶሮ ተከፈተ። ቁጥሩን ለከሪማ የላኩላት እኔ ነኝ።

ጁምዓ ደረሰ። ሸረፈዲን ባንኮኒውን ወልውሎ ጠበቀ፤ አድማጮቹም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ስልኩ ግን እማማ ሐዋ ቤት ውስጥ ጮኸ። በሩን ከውስጥ ሲዘጉት አየሁና እኔም ግቢውን ለቅቄ ወጣሁ። ዞሬ ስመለስ በሩ አሁንም ዝግ ነበር።

“ምን አለች?” አለኝ ሸረፈዲን በሱቁ በር ሳልፍ። “ሰዎቹ ጥሩ ናቸው?”

“አልሰማሁም።”

“እዚያው ግቢ እየኖርክ?” አለና በሰለጠነው ዘመን እንደ እኔ ያለ ደንቆሮ ይኖራል ብሎ እንደማያስብ ነገረኝ።

በማግስቱ እማማ ሐዋ ዓይናቸው አብጦ ተነሱ። ከሪማ ከሄደች ጀምሮ ተጠቅልሎ የቆመውን ፍራሿን አውጥተው ፈቱት፤ በዱላ መቱት፤ “ስትመጣ አቧራ እንዳይሸታት” ብለው ፀሐይ ላይ አሰጡት።