ከጣሪያ የወደቀው

ዴሳንካ ከሥራ ስትመለስ አልጋዋን አጣችው። አልጋው በነበረበት ቦታ ወገብ የሚደርስ የቀይ ድንጋይና የአፈር ክምር ተቀምጦ ጠበቃት፤ ከክምሩ ሥር የትራሷ ጫፍ ብቻ ይታያል። ቀና ስትል ጣሪያው ላይ ሰው የሚያስተኛ ጉድጓድ ተከፍቷል።

የበረሃዋ የቆፋሪዎች ከተማ ኩበር ፒዲ ውስጥ ቤት የሚሠራው ኮረብታ ተፈልፍሎ ነው። ጥር በዚያ አገር የበጋ እሳት ነው፤ ውጭው ሰው ሲያቀልጥ የዋሻው ውስጥ ቀዝቃዛ ነው። አቅም ያነሰው ከላይ፣ በቆርቆሮ ተጎታች ቤት ውስጥ ይቀቀላል። ዴሳንካ በዚህ ዋሻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከራይታ ኖራለች። ባሏ ራድሚል የሞተው እዚሁ ነው፣ መቃብሩም ከከተማው ዳር ነው። ጣሪያ ወደቀ ተብሎ ከዚህ ንቅል የምትል ሴት አልነበረችም።

ለአከራይዋ ደወለች። ክላይቭ ሃርጎት ከግድግዳዋ ማዶ ያለውን ኮረብታ ለቱሪስት ማደሪያ ማስፈልፈል ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። ማሽኑ ባጓራ ቁጥር የዴሳንካ ሲኒዎች ይንቀጫቀጫሉ። ሦስት ጊዜ ነግራዋለች፣ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። አሁን ግን ለመምጣት ፈጠነ። ክምሩን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ጥፋተኛውን ግን ያገኘው ወጥ ቤት ገብቶ ነው። ምድጃው ላይ ተጥዶ የነበረውን የጥቅል ጎመን ድስት በጣቱ ጠቆመ። በእሱ አባባል ጣሪያውን የጣለው የድስቱ እንፋሎት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲቀቀል ድንጋዩ ረጥቦ፣ ረጥቦ ተላቀቀ።

«የኔ ጎመን ነው ኮረብታ የሚንደው?» አለችው።

«እንፋሎትን አትናቂው፣ ዴሳ።»

«ያንተ ማሽንስ?»

«ማሽኑ እኮ በዚያ በኩል ነው ያለው።»

በዚያ በኩል ማለት ከአንድ ክንድ ድንጋይ ኋላ ማለት ነው። ክላይቭ ግን ይህን ሲናገር ዓይኑን እንኳ አላሸም።

በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ። ከጣሪያው የወደቀው ድንጋይና አፈር የተከራይዋ ነው፣ ይላል፤ አከራዩ በእሱ ላይ መብትም ኃላፊነትም የለውም። ተከራይዋ ክምሩን አንስታ፣ ጣሪያውን በራሷ ወጪ በአንድ ወር ውስጥ ካላስጠገነች ቤቱን ትለቃለች። ከታች ፊርማ አለ። ዴሳንካ ሁለቴ አነበበችው። በማግስቱ ለኪራይ ጉዳይ ዳኛ አመለከተች። ዳኛዋ የምትሠራው ሩቅ፣ አዴላይድ ከተማ ስለሆነ ክርክሩ በስልክ የሚሰማበት ቀን ተቆረጠላት፤ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው።

ዝላትኮ ነገሩ አላማረውም። ዝላትኮ የራድሚል ሚዜ የነበረ ሽማግሌ ቆፋሪ ነው፣ እንደ ትውልድ አገራቸው ልማድ እስከ ዛሬ የሚጠራት «ኩማ»፣ የሚዜነት ዘመዴ፣ እያለ ነው። ክላይቭ ስለ ድንጋይ እርጥበት የሚመሰክርለት ባለሙያ ቀጥሮ ሊያመጣ ይችላል፣ አንቺ ያለሽ ጎመን ብቻ ነው፣ አላት። እሷም ባለሙያ ባይኖረኝም ምላስ አለኝ አለችው። ተሸንፋ ብትወጣም አፏን ዘግታ እንደማትወጣ ቁርጥ አድርጋ ነገረችው።

ሌት ተቀን ያንገበገባት ግን ሌላ ነገር ነበር። በምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሙቅ ውሃው ጣቷን ስለሚያሳብጠው፣ ወደ ሥራ ስትሄድ የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ከራስጌዋ መደርደሪያ ላይ ታኖረዋለች። መደርደሪያው አሁን ከክምሩ ሥር ነው። ስለዚህ የዝላትኮን ወንፊት ተዋሰች። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ አፈሩን በእጅ ጋሪ እየገፋች ደጃፏ ላይ ትደፋና፣ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጣ እፍኝ በእፍኝ ታበጥረዋለች።

ኩበር ፒዲ ውስጥ አፈር የሚያበጥር ሰው አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ከተማው ሁሉ ኦፓል የሚባለውን ውድ ድንጋይ ፍለጋ የመጣ፣ ወይም ከመጣ የተወለደ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ መኪና ደጃፏ ሲደርስ ዝግ አለ። በሁለተኛው ሦስት ሆኑ። በአራተኛው ቀን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላም ብሏት የማያውቅ ሰውዬ ኮፍያውን አንስቶ ጤናዋን ጠየቃት። ጤናዋን ከጨረሰ በኋላ አፈሩ ቀለም አለው ወይ አላት፤ ቆፋሪ «ቀለም» የሚለው ኦፓልን ነው።

«የራሴን ነገር ነው የምፈልገው» አለችው።

እውነቷን ነበር። ችግሩ፣ በዚያ ከተማ እንዲህ ብሎ የሚመልሰው ያገኘ ሰው ብቻ ነው።

ማታውን ዝላትኮ እየሳቀ መጣ። መጠጥ ቤት ውስጥ መዳፍ የሚያህል ኦፓል አግኝታለች እየተባለ ነበር፤ አንዱማ በዓይኑ አይቶታል። ዴሳንካም ጣሪያው ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

«ቀለበት ነው ብለሽ ንገሪያቸዋ» አላት።

«የራሴን ነገር ነው ብያለሁ። ከዚህ በላይ ለማን ነው የማስረዳው?»

ሁለቱም ያሰቡት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ክላይቭ ነበር። ዴሳንካ ማንንም ላትዋሽ፣ ማንንም ላታርም ወሰነች፤ በማግስቱም ወንፊቷን ይዛ ወጣች።

ክላይቭ ሁለት ቀን አልቆየም። ቀዝቃዛ ቢራ በካርቶን ይዞ፣ ጥርሱን ገልጦ መጣ። ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ስለ ራድሚል ደግነት አወራ። ዓይኑ ግን ከወንፊቱ አልተነቀለም። በመጨረሻ አላስቻለውም።

«ይሄ አፈር እኮ፣ ዴሳ፣ ከኔ ኮረብታ የወጣ ነው።»

«ያንቺ ነው ብለህ ጽፈህልኛል።»

«እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«አንተ መቼ ቆፈርከውና? በዚያ በኩል ነበርክ አይደል?»

«መሃላችን ያለው አንድ ክንድ ብቻ ነው!» አለ ክላይቭ፣ ፊቱ ቀልቶ። «የኔ ማሽን ነው ያወረደው። ማሽኔ ያወረደው የኔ ነው።»

ዴሳንካ ወንፊቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው።

«እንግዲያው ሌላ ደብዳቤ ጻፍ» አለችው። «በደብዳቤ የሰጠኸኝን በአፍ አትነጥቀኝም።»

ጻፈ። በማግስቱ ጠዋት በሯ ላይ ተለጥፎ አገኘችው። ከጣሪያው የወደቀው ማናቸውም ነገር በአከራዩ ቁፋሮ ምክንያት የወረደ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የአከራዩ ንብረት ነው፣ ተከራይዋ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እንዳትነካው። ፊርማው ከመጀመሪያው ይልቅ ያምር ነበር። ዴሳንካ ወንፊቷን አጥባ ለዝላትኮ መለሰችለት፣ ክላይቭ ያመጣውንም ቢራ አብረው ጠጡት።

የክርክሩ ቀን ስልኩን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ጎመኑ ምድጃው ላይ ነው፣ ዝላትኮ በር ላይ ቆሟል። ክላይቭ ከቢሮው ሆኖ ስለ እንፋሎት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ዳኛዋ እስኪጨርስ ሰማችው። ተራው ሲደርሳት ዴሳንካ ብዙ አልተናገረችም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ሁለቱንም ትናንት ልኬልዎታለሁ፣ አለች።

በስልኩ ውስጥ የወረቀት ድምፅ ተሰማ።

«አቶ ሃርጎት፣ በእርስዎ ቁፋሮ ምክንያት የወረደ የሚለውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ክላይቭ ጉሮሮውን ጠረገ። የተጻፈበት ዓላማ ሌላ እንደነበር ሊያስረዳ ጀመረ። ዳኛዋ ዓላማውን ስትጠይቀው ግን መናገር አልቻለም፤ ደጃፍ ላይ ያለ አፈር አስጎምጅቶኝ ነው አይባልም። ውሳኔው ለአንድ ሲኒ ቡና እንኳ የሚበቃ ጊዜ አልፈጀም። ክምሩ የአከራዩ ነው፣ ያንሳው። ጣሪያው የአከራዩ ነው፣ በራሱ ወጪ ይጠግን። ተከራይዋ የትም አትሄድም።

ክላይቭ ግን ከኦፓሉ አሁንም ተስፋ አልቆረጠም። ሦስት ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ከደጃፍ እስከ መኝታ ቤት ያለውን አፈር ቅንጣት ሳይቀር አስበጠረ። አራት ቀን ሙሉ እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ጆሮው ተላጠ። ዴሳንካ ከሥራ ስትመለስ በመሃላቸው እያለፈች እግዜር ያበርታችሁ ትላቸዋለች።

በአራተኛው ቀን አንዱ ሠራተኛ የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁ ብሎ ተጣራ። ክላይቭ ሮጦ ከወንፊቱ ላይ ቀማው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ወደ ብርሃን ያዘው። ቀለበት ነው። ውስጡ ላይ ራድሚል የሚል ተቀርጾበታል።

ዴሳንካ አጠገቡ ደርሳ እጇን ዘረጋች። ክላይቭ ቀለበቱን አየ፣ እሷን አየ።

«ለዚህ ነው?» አለ።

«የራሴን ነገር ነው ብዬ ነበር። የጠየቀኝ ሁሉ ሰምቷል።»

መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ጣቷ አብጦ ስለነበር አልገባ አላት፤ በትንሿ ጣቷ አጠለቀችውና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ጎመኑ ይንተከተካል። የድስቱን ክዳን ሙሉ ለሙሉ ከፍታ፣ እንፋሎቱ ወደ ጣሪያው እንዲወጣ ተወችው።