የጎደለው ውኃ

ውኃ ለኪዋ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችና ከድልድዩ ላይ እንደገና ቁልቁል አየች። የድልድዩ ምሰሶ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለእሷ መነጽር ደንታም አልነበረውም። ወንዙ ጎድሏል። ትናንት ውኃ ውስጥ የነበሩት ቁጥሮች ዛሬ ከነጭቃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ስልኳን አወጣች። ወንዙ ከሚነሳበት ተራራ ላይ እንደ እሷ ውኃ የሚለኩ አንድ አዛውንት አሉ። ተያይተው ባያውቁም በየጠዋቱ ይደዋወላሉ፤ እሷ «ጋሼ ላይ» ትላቸዋለች፣ እሳቸው «የታቿ» ይሏታል። የላዩ ውኃ ገደል ለገደል ወርዶ ሜዳው ላይ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እሳቸው ጠዋት ያዩትን እሷ ማታ ታየዋለች፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር።

«ጋሼ ላይ፣ ትናንት ሞላ ያሉኝ ወንዝ የት ገባ?»

«እንዴት የት ገባ? ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም እኮ! መለኪያዬ ሰጥሞ የማነበው አጥቻለሁ።»

«እኔ ጋ ጎድሏል።»

«ኧረ ተይ! እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው።»

ደህና አድርጋ አየችው። ያው ነው። ግራ ገባት። ወንዝ እንደ ሰው መንገድ ላይ ወዳጅ አግኝቶ ጨዋታ አይዝ ነገር!

መሥሪያ ቤት ደወለች። ኢንጂነሩ «ቁጥሩን ገልብጠሽ አንብበሽው እንዳይሆን?» አላት።

«በዓይኔ እያየሁት ነው። የጎርፍ ሳይረኑን ላሰማ?»

«ወንዝ ጎደለ ብለሽ? ሳይረን የሚጮኸው ውኃው ቀዩ ቀለም ላይ ሲደርስ ነው። እኔም አልገባኝም፤ ቆዪ አለቃዬን ልጠይቅ። እስከዚያ እንዳትነኪው፤ በኋላ ሁለታችንም እንጠየቃለን።»

ቀዩ ቀለም ከውኃው ብዙ ርቆ፣ ከእሷ እግር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታያል። ከሥሩ ደግሞ የወንዙ ሆድ ገበያ መስሏል። ገሚሱ ሰው ኩሬ ውስጥ የቀረ ዓሣ በባልዲ ይዝቃል፣ ገሚሱ አሸዋ ይጭናል። መሃል ላይ የቆመው መኪና የባሏ ነው። እሱም አካፋውን ተደግፎ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«አንቺ ሴትዮ! ዛሬስ ወንዝሽ ደግ ሆኗል!»

«ውጣ ከዚያ!» አለችው።

«ለምን? ሰማዩን አታዪም እንዴ?»

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሜዳው ላይ ዝናብ ጠብ ካለ ሰንብቷል። ልቧ ግን አልረጋ አለ። እንደገና ደወለች።

«ጋሼ፣ በእርስዎና በእኔ መካከል የሚኖር ሰው የለም? የሚጠየቅ?»

«ማን ይኖራል? ገደል ነው። ዝንጀሮም የሚኖርበት አይመስለኝ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የታቿ... ገደሉ ተንዶ ወንዙን ዘግቶት ይሆን እንዴ?»

«ከሆነስ?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ላይሆንም ይችላል። ከሆነ ግን፣ የተጠራቀመው ውኃ ናዳውን ጥሶ ባንድ ጊዜ ይወርድባችኋል።»

ፈራች። እጇ ላይ ያለው ስልክ ጠራ፤ ኢንጂነሩ ነው። ካነሳችው «እንዳትነኪው» ሊላት ይችላል፣ «አሰሚ» ሊላትም ይችላል። ስልኩን እየጠራ ኪሷ ከተተችውና ድልድዩ ላይ የተተከለውን የሳይረን መዘውር በሁለት እጇ ይዛ ማዞር ጀመረች። ዝገቱ እያንቋረረ ቆየና ጩኸቱ ሜዳውን ሞላው።

ታች ሁሉም ቀና አለ። አንዱ ሳቀ። ዓሣ የሚዝቁት ሴቶች ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን እንኳ አለመድረሱን አይተው ተያዩ። ባሏ አካፋውን ጥሎ እጆቹን አፉ ላይ አደረገ።

«ምን አይተሽ ነው?»

«ምንም!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል?»

«አላውቅም!» አለችው፤ እንባዋ መጣ። «አላውቅም አልኩህ! መኪናውን ተወውና ውጣ!»

ባሏ ግማሽ የተጫነውን መኪና አየ፣ እሷን አየ። እሷ ግን መልሱን አልጠበቀችም፤ መዘውሩን ማዞሯን ቀጠለች።