የቋጥኙ ጉልበት

ዲንቄ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሸሚዝ ስፌት ስትፈትሽ ትውላለች፤ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ዓለምን ታሸብራለች። በኦሊቃ ቤት በረንዳ ላይ አራት ጓደኛሞች፣ እሷ፣ ኦሊቃ፣ ማርቲና ይትባረክ፣ ጠረጴዛ ከበው፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ሆነው፣ ዳይስ እየጣሉ ይጫወታሉ። ታሪኩን የምትመራው፣ ጠላቱንም አደጋውንም የምታመጣው እሷ ናት።

የጉልበት ልኩንም ያወጣችው ራሷ ናት፤ የጨዋታው የእንግሊዝኛ መመሪያ መጽሐፍ በቶን ስለሚያወራ ለማንም አልጣመም። ጉልበት አንድ ያለው ጀግና አንድ ኩንታል ሽንኩርት ያነሳል፤ ሦስት ያለው ባጃጅ፣ አምስት ያለው አይሱዙ ከነጭነቱ። አስር ለክፉዎቹ ብቻ የተተወ ነበር።

ነበር። ባለፈው ሁዳዴ የይትባረክ እናት እትዬ አበዛሽ አረፉ፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ለቅሶው ሲያበቃ ይትባረክ እንደ ወትሮው መጥቶ ተቀመጠ። ታዲያ ቋጥኙ የተባለውን የእሱን ጀግና ማን ደፍሮ ይምታው? ሐዘንተኛ ይሸነፋል እንዴ? ዲንቄ ጉልበቱን ከአራት ወደ አምስት ከፍ አደረገችለት። ሌላው ሰው «እግዜር ያጽናህ» ብሎ ይሄዳል፤ እነሱ የሚሰጡት ይህን ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ማርቲ በዓይኗ ጠቀሰቻትና አንድ ተጨመረ፤ ከዚያ ኦሊቃ ጠቀሳት። እንዲህ እንዲህ እያለ ቋጥኙ አስር ገባ፤ ባለፈው ሳምንትማ የባቱን ሐይቅ ከነዓሣው ብድግ አደረገው።

እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይሄ ነው። በግድግዳ የምታልፈው የማርቲ ጀግናና የኦሊቃ ሯጭ ቆመው ከማጨብጨብ ሌላ ሥራ አጡ። ይትባረክም ደስ ያለው አይመስልም፤ ዳይሱን ይጥላል፣ ያሸንፋል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለማርቲማ «ከእንግዲህ የምመጣ አይመስለኝም» ብሏታል። ዲንቄን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው፤ ከዚህ በረንዳ ከቀረ በዚያ ባዶ ቤት ብቻውን መዋሉ ነው። ትወደዋለች፤ እንደ ወንድም ይሁን እንደ ሌላ ገና አልወሰነችም።

ልኩ መስተካከል ነበረበት። ግን ከሐዘንተኛ ላይ እንዴት ይቀነሳል? ሳምንቱን ሙሉ እያሰበች ሰንብታ ያገኘችው የፈሪ ዘዴ ነበር፤ የእሱን ሳትነካ የሌሎቹን ማሳደግ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም አስር ናችሁ» አለች እሁድ።

«የኔ ሯጭ አይሱዙ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው?» አለ ኦሊቃ።

«ቤትህን ተሸክሞ» አለች ማርቲ።

ይትባረክ አልሳቀም። «ተይ ዲንቄ። የኔን ቀንሺው።»

«ደስ ይበልህ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ስትጠቃቀሱ አይቼ የለ፤ ዕውር አይደለሁም።» ዳይሱን በእጁ አገላበጠ። «እማዬ የሞተች ጊዜ አንድም ቀን ብቻዬን አላሳደራችሁኝም። ኦሊቃ አጠገቤ መሬት ላይ ነበር የሚተኛው። እዚህ ስመጣ ግን ሁሉን የማነሳው እኔ፣ ቆማችሁ የምታዩት እናንተ። ቤትም ብቻዬን፣ እዚህም ብቻዬን?»

ዲንቄ አፈረች። እስክሪብቶ አነሳችና አስሩን ሰረዘች።

«ስንት ላድርገው?»

«እናንተን የሚያስጠራኝ ያህል።»

አራት ብላ ጻፈች። ከዚያ የሞጆ መንገድ ላይ አንድ ገልባጭ መኪና ከነአሸዋው ባጃጅ ላይ ጣለች፤ ባጃጁ ውስጥ ሰው አለ። ቋጥኙ ትከሻውን ሰጠ፣ ዳይሱ ተጣለ፣ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ስንት ወር ሙሉ ሽንፈት ያላየው ሰው ተሸነፈ። ዲንቄ ፊቱን ማየት ፈራች።

«አልቻልኩም» አለ ይትባረክ። ቀና ብላ ስታየው እየሳቀ ነው። «ኧረ ወዲህ ኑ እንጂ፤ ሰው ሊያልቅ ነው እኮ።»

ማርቲ ዳይሱን ለመውሰድ እጇን ዘረጋች። ኦሊቃ ግን ጀግና እንዳለውም ረስቶ ራሱ ከወንበሩ ተነሳና ትከሻውን ከይትባረክ ትከሻ ጋር ገጠመ።

«ዱፌን ጂራ ወንድሜ» አለው በኦሮምኛ። «መጣሁ።»