ጎማውን ያዝልኝ

«ወንድሞቼ፣ አንድ ሰው ጎማውን ይያዝልኝ» አለ ኦቹዶ፣ የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆሞ።

ካርታ የሚጫወቱት ቀና እንኳ አላሉም። ንፍሮ የሚቆረጥሙት ተያዩ። ባለሱቁ ሙሄ ብቻ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በለቅሶ እንኳ አታርፍም?» አለው።

«ዛሬ የምሬን ነው።»

«ያኔም የምርህን ነበር» አለ መምህር ዘገየ፣ ካርታውን ደረቱ ላይ ደፍቶ። «እኔ ፀሐይ ላይ ጎማ ታቅፌ ስንቃቃ፣ አንተና ነፍሱን ይማረውና ወንዳፈረው ባሮ ዳር ቁጭ ብላችሁ ዓሣ ትበሉ ነበር።»

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈነዳ ሲል የሟች ነገር ትዝ አለውና ሁሉም ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

ዘገየ አልዋሸም። መንግሥት ተለውጦ ጋምቤላ ክልል ሆነሻል የተባለች ሰሞን፣ ስደተኛ ሊረዳ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ አሮጌ ኮምቢ መኪናውን ለበያጁ ለወንዳፈረውና ለኦቹዶ ጥሎላቸው ሄደ። ውስጧ አልጋ አለ፣ የጋዝ ምድጃ አለ፣ አበባ አበባ መጋረጃ አለ። ሞተሯ ግን ከኋላ ነው። ሁለቱ በጎግ ወረዳ መንገድ ሰውና በቆሎ ሊያመላልሱባት ተነሱ፤ የጎግ ጭቃ ትንንሽ ጎማዎቿን እንደ ከረሜላ መጠጣቸው። ወንዳፈረው ፓራፋንጎዋን፣ የጎማ ጭቃ መከላከያዋን፣ ቆረጠና ትልልቅ ጎማ ገጠመላት። አራቱ ገቡ። አምስተኛው፣ ለመለወጫ የሚያዘው ስኮርታ፣ ማደሪያ አጣ። የድሮው የስኮርታ ቦታ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ እንኳ አያስቀምጥ። አፍንጫዋ ላይ ሰቀለው፤ መብራቷን ጋረደ። ጣሪያዋ ላይ አሰረው፤ ኦቹዶ እንደሚያወራው ከሆነ ኮምቢዋ ኩርባ ላይ እንደ ሰካራም ጋደም ብላ እንቅልፏን ለጠጠች።

መጨረሻ ላይ ወንዳፈረው ከአሮጌው የባሮ ወደብ የተጣለ የመጋዘን በር አገኘ። ማጠፊያዎቹን ነቅሎ ከኮምቢዋ ኋላ እንደ በር የሚከፈት የብረት ክንድ በየደ፤ ጎማውን እዚያ ላይ አሰረ። ሞተሯን ለማየት ክንዱን ከነጎማው ወደ ጎን መክፈት ነው። ችግሩ ተከፍቶ አይቆምም። ለቀቅ ካደረጉት ተመልሶ የሚሠራውን ሰው ወገቡን ይለዋል። ስለዚህ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ በትከሻው ይይዛል።

የሚይዘው ኦቹዶ ነበር። «ቶሎ በል እንጂ ወንዴ፣ ትከሻዬ ወለቀ!» እያለ ይጮኻል፤ ወንዳፈረው ሞተሩ ውስጥ እንደተቀበረ ይስቃል።

«መያዣ ሥራለት እንግዲህ!»

«አንተ እያለህ ብረት ለምን አባክናለሁ?»

ሥራ የቀዘቀዘ ለት ደግሞ መንገደኛ ይጠራሉ። «ጌታዬ፣ አንዴ ይያዙልን!» ሰውየው ትከሻውን ሲሰጥ ሁለቱ ሹልክ። አንድ አዲስ የተሾመ ኃላፊ ከነከረባቱ ይዞ ውሏል፤ ኦቹዶ ሲያወራው ከረባቱ ላብ ጠጥቶ ጉልበቱ ድረስ ረዘመ። ከዚያ ወዲያ ጋምቤላ ላይ ያን ጎማ የሚይዝ ትከሻ፣ ከኦቹዶ ትከሻ በቀር፣ ጠፋ።

አሁን ወንዳፈረውን ወባ ወስዶታል። ኦቹዶ አቦቦ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ሲመለስ የጠበቀው ድንኳኑ ነው። ዛሬ ጠዋት የሟች ሚስት አንጀሊና እጁን ይዛ፣ «እናቴ ጎግ ናት፣ አልሰማችም። ሄደህ አምጣልኝ። እሷ ሳትኖር ማን ላይ ተደግፌ አለቅሳለሁ?» አለችው። ኮምቢዋ ግን ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተች አልነሳም አለች። የነዳጅ ቱቦዋ ሳይበጠስ አልቀረም። ያን ለመቀጠል ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ይኸው፣ ካርታ ይጫወታል።

«ጎማውን ተወውና የአዞውን ቀልድ ንገረን» አለ ዘገየ፣ ሊያጽናናው ብሎ።

ኦቹዶ ልማድ ሆኖበት ጀመረ። «ባሮ ዳር ኮምቢዋን ስናጥብ አዞ ብቅ አለና ስኮርታውን ነከሰ። ጥርሱ አንድ ሳይቀር ረገፈ። ይኸው እስከ ዛሬ ገንፎ ነው የሚበላው…»

ቆመ። እዚህች ላይ ወንዳፈረው ሁልጊዜ ኮስተር ብሎ፣ «እውነት ነው፣ የማገነፋለት እኔ ነኝ» ይል ነበር። ሰዉ ጠበቀ። ኦቹዶም ጠበቀ።

ወጥቶ ወደ ኮምቢዋ ሄደ።

የብረት ክንዱን ከፍቶ በጀርባው ደገፈው፤ እጁን ወደ ሞተሩ ሰደደ። አልደረሰም። እግሩን ዘረጋ፣ ተጣመመ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ተሳበ። አልደረሰም። የከተማው ሰው ሁሉ የቆመባት ቦታ ላይ፣ እንደ ከተማው ሰው ተገትሮ ቀረ።

«እስከ መጨረሻው ግፋው» አለ አንድ ድምፅ። ጥቁር የለበሰችው አንጀሊና ከኋላው ቆማለች።

«ከዚህ በላይ አይሄድም።»

«ይሄዳል። አንተ አቦቦ እያለህ፣ ወባው የጀመረው ለት፣ ተኛ ብለው እምቢ ብሎ እዚህ ሲበይድ ነው የዋለው።»

ገፋው። ክንዱ ቀጭ አለና ቆመ። ኦቹዶ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀለም ያልነካው አዲስ መንጠቆ፣ የብየዳው እሳት ሰማያዊ ገና ያልለቀቀው፣ ክንዱን ግጥም አድርጎ ይዞታል።

«ምን ብሎሽ ነበር ሲሠራው?»

«‹ኦቹዶ ብቻውን ሲሆንስ?› አለኝ። እኔ ስለ ሥራ የሚያወራ መስሎኝ።» ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

ኦቹዶ ቱቦውን ቆርጦ ቀጠለ። ሁለት እጁ ነፃ ነው፤ ሥራው ቶሎ አለቀ፣ ከሚገባው በላይ ቶሎ። ቁልፉን ሲያዞር ኮምቢዋ አስላ አስላ ተነሳች። ክንዱን ሊዘጋ ወደ ኋላ ዞረ። መንጠቆውን በጣቱ ነካው፤ አልፈታውም። ወደ ድሮው ቦታው ሄደና ትከሻውን ከጎማው ሥር አስገባ።

ሙሄ የሞተር ድምፅ ሰምቶ፣ አፍሮም ሊሆን ይችላል፣ እየሮጠ መጣ። «በል ልያዝልህ… ኧረ ይዞታል! ተወው እንጂ፣ ጎማው ራሱ ቆሟል!»

«አውቃለሁ» አለ ኦቹዶ። ትከሻውን ግን አላወጣም። ፊቱን ወደ ተከፈተው ሞተር መለሰ።

«ቀስ ብለህ ሥራ፣ ወንዴ» አለ። «አልደከመኝም።»