የመሪጌታ ህሩይ አንገት

መሪጌታ ህሩይ ሰሌን ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጉልበቶቹን አጥፎ፣ የጣራውን ማገር ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ እየተከተለ ነበር። ከራሱ ሥር የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ አለ።

ይህን ያዘዘችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወንጌላዊት ናት። «በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ሁለት መጽሐፍ ተንተርሰው፣ ምንም ሳይሠሩ ይተኙ» አለችው። ምንም አለመሥራቱ አልከበደውም፤ የከበደው መጽሐፉ ነው። ቤቱ ያለው ሁሉ ዳዊት፣ ድጓና ገድል ነው። ዳዊት ላይ ደግሞ ራስ አይጣልም። ሚስቱ የዓለምወርቅ ናት የልጃቸውን ባዮሎጂ አምጥታ፣ «ይኸ ስለ እንቁራሪት ነው፤ ኃጢአት የለበትም» ያለችው። ሒሳቡን ልጅቷ ለፈተና ስለምትፈልገው በአንዱ ተወሰነ።

አንገቱ ከተማሪነቱ ጀምሮ ወደ ግራ እንደ ዘነበለ ነው፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ግራ ትከሻው ጆሮውን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ከፋሲካ ወዲህማ ጸናጽሉን ከደረቱ በላይ ማንሳት አቃተው። መተኛቱን በጀመረ በአራተኛው ሳምንት እጁ እንዲሁ ሽቅብ ወጣለት። ፈርቶ መልሶ አወረደው።

በሩ ተከፈተና ልዑልቃል ገባ። ስድስት ዓመት አቋቋም፣ ማለትም የማህሌቱን ዜማና የመቋሚያውን ዝማሜ የተማረ፣ የፊታችን እሑድ ምስክር ተቀብሎ ጠዳ አካባቢ ወዳለ አንድ ደብር መሪጌታ ሆኖ የሚሄድ ተማሪ ነው። መምህሩን መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲያየው አማተበ።

«እግዚኦ! የኔታ፣ ማን ልጥራ?»

«ማንንም። አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረኛል።»

ልዑልቃል አሥራ አንዱን ደቂቃ እንደ ለቀስተኛ ቆሞ ጠበቀ። ህሩይ እንደ ተማረው በጎኑ ዞሮ፣ በእጁ ተደግፎ፣ ቀስ ብሎ ተነሣና ቀጥ ብሎ ቆመ። ተማሪው የራሱ ቤት በር ቦታ ቀይሮ የጠበቀው ሰው መሰለ።

«የኔታ፣ አንገትዎስ?»

«ዳነ።»

«ከምኑ?»

ህሩይ ያን ጊዜ የተማሪውን አንገት አየ። ወደ ግራ ዘንብሏል። የአቋቋም ቤቱ አርባ ተማሪዎች ሁሉ እንዲሁ መሆናቸው ትዝ አለው፤ ሁልጊዜ ራሱ ዘንበል ብሎ ስለሚያያቸው ቀጥ ያሉ ይመስሉት ነበር።

«ይህን ማን አስተማራችሁ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! የቤቱ ስልት አይደለም እንዴ? የደምቢያዎቹ መዘንበሉ ሁለት ጣት ነው ይላሉ፣ እኛ ሦስት ጣት እንላለን። እኔ ሁለት ዓመት ከቀኝ ጆሮዬ ሥር ድንጋይ አድርጌ ነው የተኛሁ።» ልዑልቃል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። መደንዘዝ ሲጀምሩ፣ በቃ ደረስሁ ብዬ ነበር።»

ህሩይ የልጁን ጣቶች ይዞ አየ። ልጁ በሃያ አምስት ዓመቱ ጸናጽል መያዝ ሊያቅተው ነው። እሱ ራሱስ ከማን ያዘው? ከመምህሩ፣ ከነፍሰ ኄር መሪጌታ ዕንባቆም። ሚስታቸው እማሆይ አመተ ሥላሴ ከደብሩ ጀርባ ይኖራሉ። ሄዶ የመምህሩን አንገት ነገር ጠየቃቸው፤ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«አምዱ ነዋ!» አሉ።

«የቱ አምድ?»

«በድሮው ቤተ ክርስቲያን ቦታቸው ከአምድ ኋላ ነበር። ካህኑ ከመቅደስ መውጣታቸውን ለማየት አንገታቸውን ወደ ግራ ብቅ ያደርጋሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ አምዱ ወጣ። አንገታቸው ቀረ።»

ህሩይ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ አሰበ። በቆላ ድባ፣ በድብ ባሕር፣ በየቅኔ ማህሌቱ የእሱ ተማሪዎች ማንም አይቶት የማያውቀውን አምድ አልፈው ለማየት አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ ነው።

እሑድ አዲሱን መሪጌታ ሊወስዱ የጠዳው ደብር ሽማግሌ አያ አድማሴ መጡ። ልዑልቃል ህሩይ እንዳዘዘው አንገቱን አቅንቶ በመቋሚያው ዘመመ። ዜማው ጥርት ያለ ነበር። አያ አድማሴ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ድምጡስ ሸጋ ነው። ምነው አንገቱን ገተረው?»

«ትክክሉ እንዲህ ነው፣ አያ።»

«ኧረ አይሆንም! የፊተኛው መሪጌታችን ዘንበል ሲል አንጀት ይበላ ነበር። ቀጥ ያለ ነገር ከሆነማ ባሕር ዛፍ መች አጣን? ይኸን ይዤ ብገባ ሰዉ ምን ይለኛል?»

ህሩይ የአምዱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው። አያ አድማሴ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው አዳመጡ።

«እንግዲያ ችግሩ አምድ ማጣት ነዋ» አሉ በመጨረሻ። «ምነው ቀድማችሁ አትነግሩን? አምድ እንተክላለን! ልጁ ከኋላው ይቁምና ደንበኛውን ይዘንብል።»

ልዑልቃል ይህን ሲሰማ አንገቱ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ተንሸራተተ። በግራ እጁ የቀኙን ጣቶች ያሻል። ህሩይ አየው። ወንጌላዊት ግድግዳ አስደግፋ፣ ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻ፣ ራስ ይንካ እያለች ስታቆመው ትዝ አለው።

«ይተከል» አለ። «ግን ልጁ ከአምዱ ፊት ነው የሚቆም። ጀርባውን አስነክቶ።»

«ከፊቱ? ምን ሊያይበት?»

«ምንም። ሲዘነብል አምዱ እንዲመልሰው።»

አያ አድማሴ ጺማቸውን ዳበሱ።

«አምድ ከፊቱ ያለው መሪጌታ ሌላው ደብርም አይቷል» አሉ ቀስ ብለው። «ከጀርባው ያለው ግን የእኛ ብቻ ነው የሚሆን?»

«የእናንተ ብቻ።»

«ሸጋ! አንቱ ጻፉት እንግዲህ። ባልተጻፈ ነገር ሰበካው ይከራከረኛል።»

ህሩይ የልጁን የምስክር ወረቀት ሳበ። ስለ ዜማው ጻፈ፣ ስለ ዝማሜው ጻፈ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ «የሚቆምበት ቦታ፦ ከአምዱ ፊት፣ ተረከዙና ራሱ አምዱን ነክተው» ብሎ ጨመረ። ማኅተሙን አሳረፈበት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አለበትና መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረው።